ከአናቱ ያየነው ላሊበላ

ዝና ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል። የላሊበላ ዝናም ካቺሲ ከደረሰ ቆይቷል። በግድግዳ ቀን መቁጠሪያና በቱሪዝም ፖስተር ላይ የምናየው ምስል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከአናቱ በኩል የተነሣው፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ላስታ የሚወጣ ሰው የሚሄደው ለማየት ሳይሆን ለማመሳከር ነው። ቦታው ፎቶግራፉን መምሰሉን ሲያረጋግጥ «እውነትም!» ይላል፤ ከዚያም ካሜራውን አውጥቶ ያንኑ ፎቶግራፍ ደግሞ ያነሣል።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ምስል ጋር ነው።

ፎቶ አንሺው የሚቆምበት ቦታ የምእመኑ ቦታ አይደለም። ጠራቢዎቹ ከጣራው ጀምረው ወደ ታች እየፈለፈሉ ወረዱ፤ ምእመኑ ግን ዓለቱን ሰንጥቆ በሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ተጉዞ ከግርጌ ይደርሳል። ከዚያ ሲታይ መስቀሉ የለም። ያለው ወደ 12 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ግድግዳ፣ የመሮ ምልክትና የጠበበ ሰማይ ነው። ካቺሲ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። የግንደበረት ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚቆረጥበት አፋፍ ላይ መቆምና ቁልቁል መውረድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እግሩ ያውቃል። ከአፋፍ ያየ ዓይን ቅርጽ ያያል፤ የወረደ ግን የሥራውን ድካም ያገኛል።

ስለ ላሊበላ የምንጽፈውም ከፎቶግራፉ አይሻልም። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ብጽፍ አያምኑኝም ብሎ መስጋቱን ሁሉም ጸሐፊ ያነሣዋል። ነገር ግን ሰውየው እዚያ ላይ ከመድረሱ በፊት አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ፣ አዕማዳቸውን ሳይቀር እየቆጠረ ገልጿል። እኛ ከአልቫሬዝ መደነቁን ወረስን፤ መቁጠሩን ተውነው። «ስምንተኛው የዓለም ድንቅ» ካልን በኋላ የሚቀረን ቃል የለም።

መደነቅ ብቻውን ጥያቄ ይዘጋል። ትውፊቱ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት እንደሠሩት ይናገራል። እንደ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያሉ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ደግሞ ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን ያለቀ ሳይሆን በርካታ መቶ ዓመታት የፈጀ ነው ብለው ይሞግታሉ። ይህ ለአንዳንዱ ክብር መንፈግ ይመስለዋል። ለመሆኑ ልጅ ከአባት መሮ እየተቀበለ ትውልድ ሙሉ ዓለት ሲፈለፍል መኖሩ ከአንድ ሌሊት ተአምር በምን ያንሳል?

ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። ዓለቱ ግን ዝናብ ይጠጣል፣ ይሰነጠቃል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔዓለምን ጨምሮ በአንዳንዶቹ ላይ ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ለጊዜው የተባሉት መጠለያዎች ከአሥር ዓመት በኋላም ከቦታቸው አልተነሡም ነበር። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የከተማው ነዋሪ በቅርሱ ላይ እንዳይወድቁ ሠግቶ አደባባይ ወጣ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወራት፤ በእንግዳ የሚተዳደረው ሕዝብ እንግዳ አጣ።

ከዚህ ሁሉ በፖስተሩ ላይ የሚታይ የለም። ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ አልተተከለበትምና ፖስተሩ አያረጅም። ስለዚህ አዲሱ ጎብኚ የብረቱን ምሰሶ ሲያይ የሚያዝነው ፎቶግራፉ ስለተበላሸበት ነው። ማዘን የሚገባው ግን በውስጡ ቅዳሴ ለሚቀደስበት፣ ዝናብ ለሚያሠጋው ቤት ነበር። «የዓለም ቅርስ» ስንል ዓለም ሁሉ የሚያየው ማለታችን ነው፤ ማን እንደሚጠግነው፣ ሲጠገንም ከሥሩ የሚጸልየው ሰው ይጠየቅ እንደሆነ መጠየቅ እንረሳለን።

ቀን መቁጠሪያ የሚያትሙ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት አንድ ወር እንኳ ከግርጌ የተነሣ ፎቶግራፍ ቢያወጡ ምን ይጎዳቸዋል? ሌላ ወር መጠለያውን ከነምሰሶው ቢያሳዩስ? ከካቺሲም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚነሣው መንገደኛ ያን ጊዜ ወደ አንድ ሥዕል ሳይሆን ወደ አንድ ቤት እንደሚሄድ አውቆ ይነሣል። ቤት የሚጎበኝ ሰው ደግሞ ጣራው ያፈስ እንደሆነ ይጠይቃል።