ከሚዛኑ በፊት ድስቱ

በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት ተመራማሪ «ስኳር ድንች ስንመርጥ ቅምሻውን ለምን መጨረሻ ላይ አናደርገውም? በመጀመሪያው ዓመት በምርት ለይተን ብንጥል ድካሙ ይቀልልናል» አለኝ። ብዙ ቦታ የሚሠራው እሱ እንዳለው ነው። እኔ ግን በዚህ አሠራር ተስማምቼ አላውቅም።

ስኳር ድንች እያንዳንዱን ክሮሞሶም በስድስት ቅጂ ይይዛል፤ በድምሩ 90 ነው። ስለዚህ ከአንድ ድቅል የተገኙ ዘሮች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ የወደድነውን ግን ሐረጉን ቆርጠን ስናባዛ ጠባዩ ይዘልቃል። በመጀመሪያው ዓመት የጣልነው ተክል ተመልሶ አይመጣም። ሚዛን ብቻ ይዘን ስንጥል ደግሞ ውሃ የቋጠረውን እናሳልፋለን። ብርቱካንማዎቹ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ የቫይታሚን ኤ ምንጭ የሆነው ቤታ ካሮቲን ሲጨምር ደረቅ ይዘቱ የመውረድ ዝንባሌ አለው።

ሶዶ አካባቢ አንዲት እናት የተቀቀለውን ለሁለት ከፍለው በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት አይቻለሁ። ጣታቸው ረጠበ። «ልጆቹ ይወዱታል፤ እኔን ግን ሆድ አይዝልኝም» አሉና ቀጣዩን አነሡ። ቀጣዩ ሲጫኑት ፈረፈረ፤ እሱን ሳይመልሱ ጨረሱት። በሚዛን ግን የመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ቫይታሚን ኤ የሚያስፈልጋቸው ልጆቹ ናቸው፤ ማሳው ላይ ምን እንደሚተከል የሚወስኑት ግን እናቲቱ ናቸው። ሁለቱንም የሚያስደስት ዝርያ ካልተገኘ፣ ቢለቀቅም ሐረጉን ቆርጦ ለጎረቤት የሚያቀብለው ሰው የለም።

ጊዜ የለም ለሚሉኝ መልሴ ጊዜውን ከሌላ ቦታ አምጡት የሚል ነው። በአንድ ማዕከል ላይ ዓመት ከዓመት ከመደጋገም፣ ሐረጉን አባዝቶ ከመጀመሪያው ወቅት ጀምሮ በበርካታ ቦታ መትከል ይቻላል። ሰባት ስምንት ዓመት የሚፈጀው ሥራ በዚህ መንገድ አራት ገደማ ይፈጃል። ሞዛምቢክ ውስጥ ተመራማሪዋ ማሪያ አንድራዴና ባልደረቦቿ በዚሁ መንገድ በ2011 እ.ኤ.አ. 15 ብርቱካንማ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ ለቀዋል። እሷ በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ከተጋሩት አራት ሰዎች አንዷ ናት።

ያደግኩት ወላይታ ውስጥ ነው። በቆሎው ሳይደርስ፣ የጎተራው እህል ሲያልቅ፣ ቤታችንን ያቆየው ስኳር ድንች ነው። እናቴ «ዛሬ የሚይዝ ነው» ስትል ሆዳችን እስከ ማታ እንደሚችል እናውቅ ነበር። ሙያዬን የተማርኩት በኋላ ነው፤ መስፈርቱን ግን ከእሷ ወሰድኩ። ዛሬም ደረቅ ይዘት ስለካ የምፈልገው ያንኑ ነው።

ይህን ሥራ ነጋዴ አይሠራውም። ገበሬው ሐረጉን ከጎረቤቱ በነፃ ስለሚያገኝ ነጋዴው የሚሸጠው ነገር የለውም፤ ኃላፊነቱ የመንግሥት ማዕከላት ነው። ማዕከል የምትመሩ ሁሉ፣ የሚቀጥለውን በጀት ስታዘጋጁ የማገዶውን ወጪና የቀማሾቹን አበል ከመጀመሪያው ዓመት ሙከራ ጋር አስገቡልን።