ዲስክን መጠበቅ፣ ፈቃድን መንሣት

ከቦሌ በገርጂ በኩል ወደ ምሥራቅ ዘልቆ ጎሮ ለሚደርስ ሰው፣ በአይሲቲ ፓርክ ቅጥር ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ አፍሪካ ያሉ ድርጅቶች ያቆሟቸው የዳታ ማዕከሎች ይገኛሉ፤ ሆኖም ብዙው መሥሪያ ቤት ዛሬም ሰርቨሮቹን በገዛ ፎቁ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚያኖር ሲሆን፣ የእኔም ሙያ እንዲህ ያለችውን ክፍል መጠበቅ ነው።

የዚህች ክፍል ቀዳሚ ባላጋራ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ነፋሷ ለሰው የተስማማ ቢሆንም ስስ ነውና ሙቀትን ከብረት ላይ ጠርጎ የመውሰድ ኀይሉ ያንሳል፤ ስለዚህም አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ስለሚመክር፣ በባሕር ጠረፍ እስከ 32 ዲግሪ የሚፈቀድለት ሰርቨር በቦሌ ከ27 ብዙ ማለፍ አይገባውም። «በዚህ ብርድ ኤሲ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ሹማምንት መልሴ ይኸው ነው። ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ጀነሬተር ናፍጣ ግን አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቃልና አላትትም።

ጠዋት አስቀድሜ የማነበው የዲስኮቹን የስማርት መዝገብ ነው፤ በዚያም ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትንና ገና በጥርጣሬ የተያዙትን ሴክተሮች ቁጥር እመለከታለሁ። ትናንት ዜሮ የነበረው ዛሬ 8 ሆኖ ከተገኘ፣ ዲስኩ ያለ እንከን ቢሠራም እንኳ ምትኩን አዘጋጃለሁ፤ የጉግል መሐንዲሶች በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በፍተሻ የመጀመሪያ ስሕተት የታየበት ዲስክ በ60 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል ካልታየበት 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷልና። ነገር ግን ይኸው ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ የሚበልጡት አንድም ዋና ምልክት ሳያሳዩ እንደ ሞቱ ስለሚመሰክር፣ በመዝገቡ ብቻ ታምኖ መተኛት አይቻልም፤ በየጊዜው ሌሊት ስክራብ አስነሥተን፣ ማንም ለዓመታት ያልከፈተው ፋይል ሳይቀር እየተነበበ ከማረጋገጫ ቁጥሩ ጋር እንዲመሳከር የምናደርገው ስለዚህ ነው።

ዲስክስ ያረጃል፤ ፈቃድ ግን አያረጅም፤ አስቸጋሪነቱም በዚህ ነው። በደብር የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከቄሰ ገበዙ ሌላ ለሌሎችም የሚከፋፈለው እርሱ የማይታመን ሆኖ ሳይሆን ንዋየ ቅድሳቱ ለአንድ ሰው ብቻ የማይተው ስለ ሆነ ነው፤ በሰርቨሩ ላይ ሁሉን የሚያስከፍተው የሩት ሥልጣንም እንዲሁ ሊያዝ ይገባል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «ማኅደሩ አልከፈት አለኝ» ባለ ጊዜ የፈቃድ ቁጥሩን 770 ብሎ ለባለቤቱና ለክፍሉ ባልደረቦች ብቻ መክፈት ሲበቃ፣ ቸኩሎ 777 መጻፍ ደመወዙን ለጥበቃውም ለጎብኚውም ማስነበብና ማስፋቅ ስለ ሆነ፣ እኔ ይህን ከስንፍና ሁሉ የከፋ ስንፍና እለዋለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሥራውን የለቀቀ ሰው መለያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ከእርሱ ጋር እንደማይሰናበቱ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሰው ሀብት አስተዳደር ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የለቀቀውን ሰው ከደመወዝ መዝገብ በምትሠርዙበት ዕለት ደብዳቤውን ለእኛም ግልባጭ አድርጉልን።