ቮልስዎን ከጋራዥ ሲረከቡ

የቮልስዎ የኋላ ታምቡር ወርዶ ተሠርቶ ከሆነ፣ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት የቸርኬውን ክዳን ያውልቁና መሐል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ይዩት። ጠርዞቹ ስል ከሆኑ መካኒኩ 36 ቁጥር ቡሶላ ነበረው። በመሮ ተመትተው ከተላጡ ግን ያጠበቀውም በመሮ ነው፤ ምን ያህል እንደጠበቀ የመታው ራሱ አያውቅም።

ይህን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው። በቮልስ የኋላ እግር ታምቡሩና ሞዞው አንድ ብረት ናቸው። ከአክስሉ ጋር በጥርስ ይገጥማሉ፤ አጥብቆ የሚይዛቸው ያ ዳዶ ብቻ ነው። ከላላ፣ መኪናዋ በተነሳችና ፍሬን በተያዘ ቁጥር ታምቡሩ እየተነቃነቀ ጥርሱን ይበላዋል። ሲነሱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ በዳዶው ዙሪያም ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ፣ መበላቱ ጀምሯል። ከዚያ ወዲያ ማጥበቅ አያድነውም፣ ታምቡሩ ይቀየራል። ቮልስ ደግሞ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ከተሠራች ከሐምሌ 1995 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አትወጣም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪና ናት፤ ከተማችን ውስጥ የቀሩትን በመሮ ማስጨረስ ያሳዝነኛል።

መካኒሳ አቦ አካባቢ አንድ መካኒክ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ክሪክ ለማንሳት አልቸኮለም። መኪናዋ በአራት እግሯ እንደቆመች የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደግፎ፣ መጀመሪያ ዳዶውን አላላ። በክሪክ ላይ ሆና ያን ያህል መታገል መኪናዋን ሰው ላይ መጣል ነው። ታምቡሩ እንቢ ሲለው ጠርዙን በመዶሻ አልደበደበም፤ የእጅ ፍሬኑን ለቆ፣ ሸራውን አላልቶ፣ በፑለር ሳበው። አቧራውን በአየር አላስነፋም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። ሸራው በዘይት ርሶ ስላገኘው የዘይት ሲሉንም ቀየረ። ሲሉን ትቶ ሸራ ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው።

ልቤን የወሰደው ግን አገጣጠሙ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ዳዶ ያዘዘው 30 ኪሎ ግራም ሜትር ገደማ ነው። ያን የሚለካ ቁልፍ አልነበረውም።

«ስንት ኪሎ ነህ?» አለው ረዳቱን።

«ስድሳ፣ ጋሼ።»

ቡሶላው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰካ፤ ከዳዶው መሐል ግማሽ ሜትር በሜትር ለክቶ በጠመኔ ምልክት አደረገበት። መኪናዋን መሬት አውርደው፣ ቱቦው አግድም ሲሆን ልጁ ምልክቱ ላይ ቆመ። ስድሳ በግማሽ ሜትር፣ ሠላሳ። ከዚያ የኮፒሊያው ቀዳዳ ሳይገጥም ቀረ። ትንሽ ወደ ኋላ መፍታት ይቀል ነበር፤ እሱ ግን እስኪገጥም ወደ ፊት ጨመረበት። አዲስ ኮፒሊያ አስገብቶ ጫፎቿን አጠፈ።

እንግዲህ ክዳኑን ሲያወልቁ በኮፒሊያው ቦታ ሚስማር ካገኙ፣ ወይም ቀዳዳው ባዶ ከሆነ፣ መኪናዎን አይረከቡ።