ጣሪያ ላይ ያልወጣ ፈታሽ

ቤት የሚፈትሽ ሰው ሙያው የሚለየው ግቢ በገባ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ደላላው ወደ ሳሎን ይጠራዋል፤ እዚያ አዲስ ሴራሚክ፣ ደረጃ በደረጃ የወረደ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ በየጥጉ የተሸሸገ መብራት አለ። ጥሩ ፈታሽ ጥሪውን በትሕትና አልፎ በጓሮ በኩል ይዞራል። ግድግዳው ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ፣ የአሸንዳው ውሃ የሚወርድበትን፣ የጎረቤት ግቢ ከዚህኛው ከፍ ማለት አለማለቱን ያያል። ሳሎኑን መጨረሻ ላይ ይደርስበታል፤ ባይደርስበትም የሚቀርበት ነገር ብዙ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ቤት ሲገዛ አብዛኛው ሰው የሚያስከትለው የሚያውቀውን ግንበኛ፣ ፎርማን ወይም ኢንጂነር የሆነ ዘመድ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን እዚያ ቤት ሲገዙ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ያለው ፈታሽ ቀጥረው፣ በፎቶ የተሞላ ሪፖርት ያስጽፋሉ። እነዚያው ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ሲገዙ ግን የእህታቸው ልጅ በስልኩ ቀርጾ የላከላቸውን ቪዲዮ አይተው ብር ይልካሉ። እርጥበት ከዓይን በፊት በአፍንጫ ነው የሚታወቀው፤ ቪዲዮ ደግሞ አይሸትም።

ታዲያ ኢንጂነር ያልሆነ ገዢ፣ ያስከተለው ሰው ሥራውን በሚገባ መሥራቱን በምን ያውቃል? የእኔ መለኪያ ቅደም ተከተሉ ነው። ውሃን ከጣሪያ እስከ ጉድጓድ የተከተለ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩንና እሳቱን በእጁ የሞከረ፣ ስለ ቁጠባ በመጨረሻ የተናገረ ሰው ሥራውን ያውቃል። ገና ከበሩ ስለ ሶላር የሚያወራው ሻጭ ነው እንጂ ፈታሽ አይደለም።

ቤት ሻጭ ከኅዳር እስከ ግንቦት ማሳየት ይወዳል። ገዢ ከተቻለው በሐምሌ፣ ዶፉ ሲወርድ ቢያይ ይሻለዋል፤ አዲስ አበባ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምትቀበለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነውና። በበጋ የመጣ ፈታሽ የክረምቱን አሻራ ማንበብ መቻል አለበት። ይህ ደግሞ መሰላል ይፈልጋል። መሰላል ሳያስመጣ፣ ከታች አንጋጦ «ጣሪያው ደህና ነው» ያለ ሰው ክፍያው ሊቀነስበት ይገባል።

ላይ ሲወጣ ምን ያያል? ቆርቆሮው ስንት ጌጅ እንደሆነ ያያል። የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳልና 28 ጌጅ ከ35 ጌጅ ይወፍራል፤ ነገሩን የማያውቅ ገዢ ትልቁን ቁጥር ሲሰማ ደስ ይለዋል። ሚስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ሞገድ አናት ላይ ነው ወይስ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ? ጎድጓዳው ላይ ከሆነ የሚስማሩ ጎማ ያረጀ ዕለት እያንዳንዱ ሚስማር ቀዳዳ ነው። ሁለት ጣሪያዎች የሚገናኙበትን ሸለቆ፣ ቅጠልና አፈር የሞላውን አሸንዳ ያያል። ከዚያ በኮርኒሱ ቀዳዳ አጮልቆ ባትሪ ያበራል። ጣሪያውን በተሸከመው ባህር ዛፍ ላይ የጠቆረ የውሃ ዱካ ካለ፣ ምስጥ የሠራው የጭቃ መስመር ካለ፣ ከታች የተቀባው ነጭ ኮርኒስ ምንም አያድነውም።

እዚህ ላይ የግሌን ልናገር። ቆርቆሮውን ከዙሪያ ግንብ ጀርባ ደብቆ ቤቱን ጠፍጣፋ ጣሪያ የሚያስመስለው ፋሽን አይጥመኝም። ከፊት ሲያዩት ያምራል። ግን አሸንዳው በግንቡና በቆርቆሮው መካከል ተቀብሯል፤ አንድ የተወረወረ ፌስታል መውረጃውን ከደፈነው ውሃው የሚሄድበት ወደ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ድሮ በግልጽ የተንጠለጠለው አሸንዳ ቢሞላ ውጭ ይፈስ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ገብቶ የመውረጃዎቹን ቁጥር ያልቆጠረ፣ በባልዲ ውሃ አፍስሶ ያልሞከረ ፈታሽ ዋናውን ነገር አልነካም።

ከላይ የመጣው ውሃ አንድ ነገር ነው፤ ከታች የሚወጣው ሌላ። የመሬቱ እርጥበት በግድግዳው ውስጥ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ሊወጣ ይችላል። ምልክቱ የተላጠ ቀለም፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ልስን፣ ነጭ ጨው ነው። ሻጭ ይህን ስለሚያውቅ ከማሳየቱ በፊት ቀለም ይቀባል። ስለዚህ ጥሩ ፈታሽ ትኩስ ቀለም የሸተተው ክፍል ውስጥ ይዘገያል፤ ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርጎ ከጀርባው ያያል። ደላላው በዚህ ጊዜ «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ አንድ ቀን ጸሐይ ቢያገኝ ይደርቃል» ማለቱ አይቀርም። እዚያች አረፍተ ነገር ላይ ዝም ብሎ መጻፉን የሚቀጥል ሰው ነው የሚፈለገው።

ስንጥቅ ላይ ሁለት ዓይነት መጥፎ ፈታሽ አለ፤ ሁሉንም የሚፈራና ሁሉንም የሚንቅ። ልስን ሲደርቅ የሚፈጥረው እንደ ፀጉር የቀጠነ መረብ ምንም አይደለም። ብሎኬቱ ከቢሙ ጋር የሚገናኝበት አግድም መስመርም ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቁሶች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ የመጣ ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ወደ አንዱ ጫፍ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሬቱ አንዱን ጎን ጥሎ መውረዱን ይናገራል። ዋልካ አፈር ያለበት ሰፈር ይህ ይበዛል፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። አሠሪው ዋልካውን አስወጥቶ በተመረጠ አፈር (ሰሌክትድ) ካልሞላ ቤቱ በየዓመቱ ይነሳል ይወርዳል። ልምድ ያለው ሰው ስንጥቁን በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ ጫፉ ላይ በእርሳስ መስመር ያሰምርና ቀን ይጽፍበታል። ስንጥቁ ከመስመሩ ካለፈ ገና እየሄደ ነው፤ ካላለፈ የቆየ ቁስል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ወራትና አንድ እርሳስ ሲሆን፣ ጥቂት ወራት የሚሰጥ ሻጭ ግን እምብዛም አይገኝም።

የውሃ ታንከርም ክብደት ነው። ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ሺህ ኪሎ ይመዝናል። ሶሌታ ላይ፣ ከኮለኖች አቅራቢያ ከተቀመጠ ደህና፤ በእንጨት ማገር ላይ ከሆነ ግን ከሥሩ የሚተኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ኤሌክትሪክ እንምጣ። እዚህ የፈታሹን ችሎታ የሚፈትነው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ይህን የሚሸከም ሽቦ ለብቻው ከብሬከር ሳጥኑ መምጣት አለበት፤ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን እመርጣለሁ። ብዙ ቤት ግን ምጣዱና ቦይለሩ በአንድ መስመር ላይ ይገኛሉ፤ ብሬከሩ ሲጥል ደግሞ ኤሌክትሪሻኑ ሽቦውን ሳይለውጥ ትልቅ ብሬከር ይገጥምለታል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይጥልም፤ ሽቦው ግን በግድግዳው ውስጥ ይግላል። ስለዚህ ሳጥኑን ከፍቶ የብሬከሩን ቁጥር ከሽቦው ውፍረት ጋር ያላመሳከረ ሰው ኤሌክትሪኩን አይቻለሁ ማለት አይችልም። ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ «ይሠራል» ማለት ፍተሻ አይደለም። እኔ የማደንቀው ምጣዱን አስጥዶ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ መሰኪያውን በእጁ ጀርባ የሚነካውን ነው። ሞቅ ካለ ይጽፋል፤ ከጠቆረ ወይም ካቃጠለ ወዲያው ያስነቅላል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ፈተና ግራውንድ ነው። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ማየት ብቻ ግራውንድ አለ ማለት አይደለም፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ከጀርባው ባዶ የሆነበት ቤት ሞልቷል። ሽቦው እስከ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑም መሬት እስከገባው የመዳብ ዘንግ መከተል አለበት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቦይለር ወይም ውሃ የሚያሞቅ ሻወር ካለ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ እግሩ እርጥብ የሆነን ሰው ለመግደል ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ፍሳሽን ለይቶ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያጠፋ ብሬከር አለ፤ ፊቱ ላይ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ተጭነውት ካላጠፋ ለጌጥ ነው የተቀመጠው።

ቁጠባና ደኅንነት የሚጣሉበት ቦታም አለ፤ ጎበዝና ሰነፍ ፈታሽ የሚለዩትም እዚያ ነው። ከውጭ መጽሔት የተቀዳ ምክር «የበርና የመስኮት ክፍተቶችን ሁሉ ድፈኑ» ይላል። በክረምት ሌሊት በከሰል በሚሞቁበት፣ በተዘጋ ክፍል ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ሰው የተገላገለ ይመስለዋል፣ ጋዙ ግን አሁንም ይወጣል። ስለዚህ ጥሩ ፈታሽ ስለ ክፍተት ከመናገሩ በፊት «እዚህ ቤት ከሰል የት ይቀጣጠላል?» ብሎ የቤቱን እመቤት ይጠይቃል። ኩሽናው ከላይ መውጫ፣ ከታች መግቢያ አየር አለው ወይ? ምድጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል ወይ? በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከሽቶ ይልቅ እሱን ቢይዝ ደስ ይለኛል።

የምግብ ማብሰያ ጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል እንጂ ወደ መስኮት አይወጣም፤ ከፍ ያለ መስኮት ብቻ ያለው ኩሽና በቂ አይደለም። ሲሊንደሩ ውጭ ቢቀመጥ ይመረጣል። መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይሞከራል፤ በክብሪት የሚሞክር ሰው ካጋጠመ ከቤት ማስወጣት ነው።

መስኮት ላይ ስላለው የብረት ፍርግርግ ብዙ ፈታሽ አንድ ቃል አይጽፍም። ሌባን ይከለክላል፤ እሳት የተነሳ ሌሊት ግን ቤተሰቡንም ይዘጋበታል። በእያንዳንዱ መኝታ ቤት ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈት ማድረግ የአንድ በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቁጠባው እዚህ ይጀምራል፣ ሐተታውም አጭር ነው። አዲስ አበባ ቤት የክፍል ማሞቂያም የክፍል ማቀዝቀዣም ስለማይበዛበት ዋናው ፍጆታ ምጣድና ቦይለር ነው። ምጣዱ ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢስብ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በዚህ ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት እየበራ 140 ምሽት ይሄዳል። አምፖል በመቀየር ብቻ የተኩራራ ፈታሽ ሂሳቡን አልሠራም። ታሪፉ በእርከን ስለሚወጣ ከፍተኛው ፍጆታ በከፍተኛው ዋጋ ይቆጠራል። እንጀራውን በአንድ ጊዜ አከታትሎ መጋገር፣ ከሥሩ በደንብ የታሸገ ምጣድና ገጥሞ የሚከደን አከምባሎ መያዝ ልዩነት ያመጣሉ። 80 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ማድረስ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቦይለሩ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ደግሞ ያንን ሙቀት ለማቆየት ዳግም ይስባል። የጸሐይ ውሃ ማሞቂያ ጥሩ ነው፤ የሚቀመጥበት ጣሪያ ክብደቱን መሸከሙ ከተረጋገጠ።

ለቅዝቃዜው፣ ከኅዳር እስከ ጥር እኩለ ቀን ላይ ጸሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። መኝታ ቤቱ በደቡብ በኩል መስኮት ካለው ሙቀቱ ነፃ ነው። ይህን ለማየት ኮምፓስ ያለው ስልክ ይበቃል፤ ግን አውጥቶ የሚያይ ፈታሽ ጥቂት ነው።

የሥራው መጨረሻ ወረቀቱ ነው። «ቤቱ በአጠቃላይ ጥሩ ነው፣ መጠነኛ ጥገና ይፈልጋል» የሚል ሪፖርት ምንም አይልም። «በምሥራቁ መኝታ ቤት፣ ከወለል 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ እርጥበት አለ፤ ከጀርባው ያለው የጎረቤት አፈር ከወለሉ ከፍ ብሏል፤ አፈሩ ሳይነሳ ልስኑ ቢታደስ ይመለሳል» የሚል ሪፖርት ቦታውን፣ ልኩን፣ ምክንያቱንና የጥገናውን ቅደም ተከተል ይዟል። ዛሬውኑ ሰው ሊገድል የሚችለው ላይኛው ገጽ ላይ ይጻፋል፤ የደበዘዘው ቀለም ከእሱ ጋር በአንድ መስመር አይሰለፍም።

እንዲሁም ያላየውን ይጽፋል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ ተራራ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ገዢዎች ስለ ኮለንና ስለ ፌሮ መጠየቅ ጀምረዋል፤ ኮለን በጡጫ መትቶ «ጠንካራ ነው» የሚል ሰውም አልጠፋም። አርማታ ውስጥ ያለው ፌሮ በዓይን አይታይም። ሐቀኛው ባለሙያ የግንባታ ፈቃዱንና የስትራክቸር ፕላኑን፣ አርማታው ሲሞላ የተነሱ ፎቶዎችን ይጠይቃል፤ ካስፈለገ እየነጠረ የአርማታን ጥንካሬ የሚገምት መዶሻ ያለው ኢንጂነር እንዲጠራ ይመክራል። ያ ሁሉ ከሌለ «መሠረቱንና ፌሮውን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ብሎ ይፈርማል። ይህቺ መስመር የሌለችበት ሪፖርት ሲመጣ ሌላውንም ገጽ በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ክፍያው ከገዢው ኪስ ብቻ ይሁን። ከደላላው የተቀበለ ወይም «ጥገናውን እኔው እሠራዋለሁ» የሚል ፈታሽ የሚያገኘው ችግር ቁጥሩ እንደ ጥቅሙ ይበዛል ወይም ያንሳል። ጠጋኙ ሌላ ሰው ይሁንና ሥራው ሲያልቅ ፈታሹ ተመልሶ ይምጣ፣ ያንኑ መሰላል ይዞ።