ወረቀቱ የት ገባ?

አታሚዋ ገና ወረቀት ሳትነካ፣ ካመጣሁላት ሁለት የቲሸርት ክምሮች ከመጀመሪያው ጠርዝ አንድ ክር መዘዘችና በክብሪት ለኮሰችው። ክሩ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ሸተተ፤ በጣቷ ስታሸው አመድ ሆኖ በነነ። "ጥጥ ነው" አለች። ከሁለተኛው ክምር የመዘዘችው ክር ግን ተኮማትሮ ቀለጠና ጫፉ ላይ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ጠጠረ። ያንን ክምር መለሰችልኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ፖሊስተር አለበት። በጥጡ ሙቀት ብጫነው የመጫኛ ማሽኑ ቅርጽ ይቀርበታል።"

የመጣሁት የንግሥተ ሳባን ታሪክ በቴአትር ለሚያሳዩ የሰፈራችን ልጆች ቲሸርት ላሳትም ነው። ለተዋንያኑ ነጭ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ለሚሠሩት ጥቁር፤ ደረታቸው ላይ "ሳባ" የሚል በቢጫ። ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ ያሳተምኳቸው ከሦስተኛው እጥበት በኋላ ውሃ እንደራቀው ጭቃ ተሰነጣጥቀውብኛል። ያኔ ጥፋቱን በሳሙናው ላይ አላክኬ ነበር። አሁን ስገምት ግን ሥራው የተበላሸው ገና ወረቀቱ ሲመረጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጭ ሆኖ የምናየው የወረቀቱ ነጭነት ነው። የታተመውን በሙቀት ወደ ጨርቅ ከሚያሻግሩት ትራንስፈር ወረቀቶች ለነጭ ቲሸርት የሚሆነው የሚሸከመው ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ነው፤ ቀለም ያልነካው ቦታ ላይ ጨርቁ ራሱ ይታያል። ይህንኑ ጥቁር ላይ ቢያትሙት ቢጫው ይሰጥማል። ስለዚህ ለጥቁር የሚሆነው ወረቀት ሠዓሊ ሸራውን አስቀድሞ ነጭ እንደሚለቀልቀው ሁሉ ነጭ ንጣፉን ራሱ ይዞ ይመጣል። ንጣፉ ወፈር ይላል፤ ያ የማይቀር ዋጋ ነው። የሱን ውፍረት ለነጭ ቲሸርት ማሸከም ግን በልጅ ደረት ላይ ላስቲክ መለጠፍ ነው።

ግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጥቅል አላት። በእያንዳንዱ ላይ የወረቀቱ ዓይነት፣ ሙቀቱ፣ ሴኮንዱ እና ስንት ጊዜ እንደታጠበ በእስክሪብቶ ተጽፏል። አዲስ ወረቀት በገዛች ቁጥር መጀመሪያ የምታትመው እዚያ ላይ ነው። ለእኔ ያ ጥቅል ከማሽኑ ይበልጣል። ሁለት ቁርጥራጭ አወረደች፤ አንዱ ሲለጠጥ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ፣ ሌላው ከጨርቁ ጋር ተለጥጦ ተመለሰ። የመረጠችው የሁለተኛውን ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ፊደሉ መጣ። ለነጩ የታተመው ገጽ በግንባሩ ወደ ጨርቁ ስለሚደፋ ጽሑፉ ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ መታተም አለበት። ለጥቁሩ ሽፋኑ ከጀርባ ወረቀቱ ተልጦ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ስለሚቀመጥ አይገለበጥም። በዚህ የተሳሳተ ሰው ምን እንደሚያገኝ አሳየችኝ፤ "ሳባ" ሲገለበጥ "ቦሶ" ይሆናል። የላቲን ፊደል ሲገለበጥ ስህተቱ ዓይን ይወጋል። የእኛው ሳ ግን ረጅም እግሩ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር አርፎ ሶ ይሆናል፣ ባም ቦ፤ ስህተቱ ትክክለኛ ፊደል መስሎ ያልፋል። ስለዚህ ከማተሟ በፊት በጣቷ እየተከተለች እግር በእግር ታነባለች።

ለጥቁሩ በታተመው ወረቀት ላይ ምላጯ በሳ እና በባ እግሮች መሀል ገብቶ የተረፈውን ነጭ ሁሉ አወጣ። የእግሮቹን ጫፍ ደግሞ በጥቂቱ አጎበጠችው፤ ሹል ማዕዘን መላጥ የሚጀምርበት ቦታ ነውና።

ማሽኑን ከማመኗ በፊት በአራቱም ማዕዘኖች የወረቀት ቁራጭ አስገብታ ሳበች። አንዱ ቀለል ብሎ ወጣ፤ ጫናውን አስተካከለች። የቤት ካውያ እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው፤ የእንፋሎት ቀዳዳዎቹ ባሉበት ሙቀቱ አይደርስም፣ የክንድ ጉልበትም እኩል አይጫንም። ባዶውን ቲሸርት ለ5 ሴኮንድ ስትጫነው ቀጭን እንፋሎት ተነሣ፤ የክረምት ጥጥ እርጥበት ይይዛል። ከዚያ ወረቀቱን አስተኝታ በ185 ዲግሪ ለ30 ሴኮንድ ተጫነችው።

የነጩን ወረቀት ትኩስ እንዳለ ከአንድ ጥግ ይዛ ሳትቆም በአንድ ስበት ላጠችው። መሀል ላይ ብትቆም መስመር ይቀራል። ወዲያው ጨርቁን ግራና ቀኝ ለዘብ አድርጋ ጎተተችው፤ ሽፋኑ ገና ሳይደርቅ ወደ ክሮቹ መሀል ይሰርጋል።

ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አሳለፍኩበት። በጥቁሩ ላይ የፊደሉን ዳር አገኘሁት፣ ለስላሳና ክብ ነው። በነጩ ላይ ግን ሳ የት እንደሚጀምር ማወቅ አቃተኝ። "ወረቀቱ የት ገባ?" አልኳት። ቲሸርቶቹን ውስጣቸውን ወደ ውጭ ገልብጣ እያጠፈች፣ "እስከ ነገ እንዳይታጠቡ" አለችኝ፤ "ከዚያም እንዲህ እንደተገለበጡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ።"