የክፉ ስሜትና የክፉ ጠባይ የእንግሊዝኛ ቃላት አጠናን

በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ያደግን ተማሪዎች የእንግሊዝኛን ቃላት የምናጠናበት መንገድ ከሞላ ጐደል አንድ ነው። የደብተሩ ገጽ በመስመር ለሁለት ይከፈላል፤ በስተግራ እንግሊዝኛው፣ በስተቀኝ አማርኛው ይጻፍና በቃል ይያዛል። ይህ መንገድ «በሬ» ወይም «መስኮት» የሚለውን ለማወቅ ይበቃ ይሆናል። የሰውን ክፉ ስሜትና ጠባይ በሚገልጹ ቃላት ላይ ግን ከባድ ጉድለት አለበት፤ እነዚህ ቃላት በሰው ላይ ፍርድ የሚሰጡ ናቸውና። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ «አፈረ» የሚለውን እንመልከት። እንግሊዞች ባጠፋው ጥፋት የሚያፍረውን «አሼምድ»፣ በጠባዩ ዓይን አፋር የሆነውን «ሻይ»፣ በሰው ፊት ተሳስቶ የተሸማቀቀውን «ኢምባራስድ» ይሉታል። በደብተራችን ሦስቱም «አፈረ» ተብለው ተጽፈው ነበር። በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ታናሽ እኅታችን ድርሰት ስንጽፍ «ዓይን አፋር ናት» ለማለት «አሼምድ» ብለን ጻፍን። መምህሩም «ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ጠየቁን። ልጅቱ ምንም አላጠፋችም፤ ያጠፋነው እኛ ነበርን።

ሁለተኛው «ቁጣ» እና «ቂም» ነው። የአገራችን ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ ሁለቱን ለይተው ያያሉ። ቁጣ ይነድና ይበርዳል፤ ቂም ግን በሆድ ተይዞ ይከርማል፤ ደም እስከ ማፋሰስም ያደርሳል። እንግሊዝኛውም «አንገር» እና «ግረጅ» ብሎ ይለያቸዋል። ተማሪው ሁሉንም «አንግሪ» በሚለው አንድ ቃል ከጻፈ፣ ለአፍታ የተቆጣው ሰውና ለዓመታት ያቄመው ሰው በአንድ ሚዛን ተመዘኑ ማለት ነው።

ሦስተኛው «ቅናት» ነው። ይህ ቃል በአማርኛ መልካምም ክፉም ፊት አለው፤ ባል በሚስቱ ይቀናል፣ ተማሪም በጓደኛው ጉብዝና ቀንቶ ይተጋል። እንግሊዝኛውም ቢሆን «ጄለስ» የሚለውን የቅናት ቃልና «ዚል» የሚለውን የትጋት ቃል ያገኘው ከአንድ የግሪክ ሥር፣ ከ«ዜሎስ» ነው። «ኤንቪ» ደግሞ በደብተራችን «ምቀኝነት» ተብሎ ይገኛል። ነገር ግን እንግሊዛዊ ወዳጁን «እኔ አንተን ኤንቪ አደርግሃለሁ» ሲለው ብዙ ጊዜ ማመስገኑ ነው፤ በአማርኛ ግን «እመቀኝሃለሁ» ብሎ የሚያመሰግን ሰው የለም። ዝርዝሩን ብቻ የያዘ ተማሪ ወዳጁን ጠላት አድርጎ ይሰማዋል።

ለዚህ ጉድለት የመዝገበ ቃላት እጦት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን በለንደን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብተው አሳይተዋል። እኛ ግን ከመጽሐፉ ስንቀዳ ዐረፍተ ነገሩን ትተን ቃሉን ብቻ እናወጣለን።

«ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ፣ መጽሐፉም ጥቂት ነው፤ ከዝርዝር በቀር ምን አማራጭ አለ?» የሚለን አይጠፋም። ነገሩ እውነትነት አለው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው ብዙ ቃላት በቶሎ መያዝ አለበት። ይሁን እንጂ በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ቤተልሔም፣ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን መያዙ ብቻ አይበቃውም፤ በመምህሩ ፊት አዚሞ፣ ስሕተቱ ታርሞለት ነው የሚመሰከርለት። ይህ ሥርዐት ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሚሰማና የሚያርም ጆሮ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በደብተሩ ላይ በቃሉ አጠገብ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ ስሜቱ የተሰማው ማን ነው? በምን ምክንያት? ለምን ያህል ጊዜ? ከዚያም ተማሪው በቃሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሠርቶ ለጓደኛው ያንብብ፤ ጓደኛውም ያርመው። በቀን ሃያ ቃል መያዙ ቀርቶ አምስት ቢሆንም ጉዳት የለውም። የበሬን ስም የሳተ ተማሪ ይታረማል፤ በሰው ጠባይ ላይ የተሳሳተ ቃል የጻፈ ግን ያላጠፋውን ሰው ይከሳል።