«ማን ነው?»፦ የሮቦት ጾታ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልሞች ትርጉም

በሳይንስና በቴክኖሎጂ ቃላት ዝግጅት ብዙ የተደከመው በስም ላይ መሆኑ ይታወቃል። ለአዲስ ነገር አዲስ መጠሪያ መፈለግ የሥራው መጀመሪያ ስለሆነ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ድካሙም ፍሬ አፍርቷል። በሕዝቅኤል ራእይ ውስጥ የሚሽከረከረው «መንኮራኩር» ዛሬ ወደ ሕዋ የሚወነጨፈው ተሽከርካሪ መጠሪያ ሆኗል። በኦሪት ዘፍጥረት ውኃን ከውኃ የሚለየው «ጠፈር» ደግሞ «ጠፈርተኛ»ን ወልዷል። «ሮቦት» የሚለውን ቃል የቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ካስተዋወቀው ወዲህ እኛም እንደ ሌላው ዓለም እንዳለ ተቀብለነዋል። መነሻው የግዳጅ ሥራን የሚያመለክት የቼክ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ለሚተረጉም ሰው፣ ከእርሱም ይበልጥ የትናንቱን ክፍል ላመለጠው ጓደኛው ለሚተርክ ተመልካች፣ ችግሩ ያለው ከስሙ ላይ ሳይሆን ስሙን ተከትሎ ከሚመጣው ግሥ ላይ ነው። ሮቦቱ «መጣ» ይባላል ወይስ «መጣች»? ሲያነጋግሩትስ «አንተ» ነው ወይስ «አንቺ»? የቃላት ዝርዝር ብቻውን ለዚህ መልስ አይሰጥም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጥያቄው የትርጉም ጌጥ ሳይሆን የታሪኩን ፍሬ ነገር የሚነካ መሆኑን ማሳየትና አንድ መፍትሔ ማቅረብ ነው።

ጉዳዩን ለመመርመር አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገር ሰው ይልቅ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ይረዳናል። በምሥራቅ ወለጋ፣ በኪራሙ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። አንድ የኪራሙ ወጣት ማታ ያየውን ክፍል በመጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎም በአማርኛ ለጓደኞቹ ይተርካል እንበል። በታሪኩ ውስጥ ከመንኮራኩሩ ውጭ የቀረ አንድ ጠፈርተኛ የመንኮራኩሩን ኮምፒዩተር በር እንዲከፍትለት ያዛል። በአፋን ኦሮሞ ትእዛዙ «በልበለ በኒ» ነው። የታዘዘው ወንድም ይሁን ሴት ቃሉ አይለወጥም፤ «አቲ» የሚለው ተውላጠ ስምም ለሁለቱ አንድ ነው። አማርኛ ግን ይህን ነጻነት አይሰጥም። ተራኪው «ክፈት» ወይም «ክፈቺ» ከማለቱ በፊት መወሰን አለበት። «ይክፈቱ» ቢል ከጾታው ያመልጣል፤ ዳሩ ግን ኮምፒዩተሩን የተከበረ ሽማግሌ አደረገው ማለት ነው። ወደ ሦስተኛ መደብ ሲሻገር ሁለቱ ቋንቋዎች ተመልሰው ይገናኛሉ፤ አፋን ኦሮሞም «ኢኒ»ንና «ኢሼን»ን ይለያልና። ስለዚህ ያው ተራኪ በአንዱ ቋንቋ ሳያስበው ያለፈውን ነገር በሌላው ቋንቋ ቆም ብሎ ለመምረጥ ይገደዳል።

ምርጫው ቀላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ስታር ትሬክ» በተባለው ተከታታይ ፊልም የመንኮራኩሩ ኮምፒዩተር በሴት ድምፅ ስለሚናገር «ክፈቺ» ማለት ለጆሮ አይከብድም። በሆንግ ኮንግ የተሠራችውና በሶፍትዌሯ ሥራ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ የተሳተፈባት ሮቦት ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አገራችንን ስትጎበኝም «መጣች» ማለት አላስቸገረም፤ ስሟም ፊቷም የሴት ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ መስማት የለመድናቸው የውጭ ተከታታይ ድራማዎችም በአብዛኛው የፍቅርና የቤተሰብ ታሪኮች ናቸው፤ ጾታው ከተዋናዩ ገጽ ይነበባል። አስቸጋሪው ድርሰቱ ራሱ ጾታን ሆን ብሎ ሲነፍግ ነው። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1989 የታየው «የሰው መለኪያ» ሊባል የሚችለው የ«ስታር ትሬክ፦ ቀጣዩ ትውልድ» ክፍል ነው። ማዶክስ የተባለ የሳይንስ ሰው ዴታ የተባለውን ሰው መሰል ማሽን ፈታቶ ሊመረምር ይፈልጋል። ዴታ ንብረት ነው ወይስ የራሱን ዕድል መወሰን የሚችል ፍጡር ነው የሚለው ጉዳይ ለችሎት ይቀርባል፤ ችሎቱም የመምረጥ ነጻነቱን ያረጋግጥለታል። ማዶክስ ስለ ዴታ ሲናገር የኖረው በእንግሊዝኛው የግዑዝ ተውላጠ ስም ነው። በመጨረሻ ግን ሳያስበው ለሰው በሚነገረው ተውላጠ ስም ይጠራዋል፤ ዳኛዋም ይህን አስተውላ ትነግረዋለች። የክፍሉ ልብ የተቋጠረው በዚህች አንዲት ቃል ነው። በአማርኛ ግን ሁለቱም «እሱ» ናቸው። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ዳኛዋ ምን እንዳስተዋለች ለተመልካቹ ሊያስረዳ አይችልም።

አንዳንድ ተርጓሚ እዚህ ላይ የአንስታይ ጾታን ይጠቀም ይሆናል። አማርኛ ትንሽን፣ የሚወደድን ወይም የሚናቅን ነገር በአንስታይ ጾታ እንደሚጠራ ግልጽ ነው፤ «ቤቷ»፣ «መኪናዋ» እንላለን። ማዶክስ በመጀመሪያ «ይህቺ ዕቃ» ብሎ በመጨረሻ «እሱ» ቢል ለውጡ ይሰማል። ሆኖም ይህ መንገድ ንብረትነትን በሴት፣ ሰውነትን በወንድ ጾታ ማስቀመጥ ስለሚሆን ከድርሰቱ መልእክት ጋር ይጋጫል። የተሻለው ለውጡን ከተውላጠ ስም ወደ ስም ማዛወር ነው። ማዶክስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ዕቃው» ሲል ይቆይ፤ በመዝጊያው «እሱ» ይበል፤ ዳኛዋም «‹ዕቃው› አላሉትም» ትበለው። ግሡ ከቶ ሳይለወጥ የሰውየው ልብ መለወጡ ይታወቃል። ይህን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ፈታኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአፕል ቲቪ በዐሥር ክፍል የቀረበው «መርደርቦት» ከማርታ ዌልስ መጻሕፍት የተወሰደ ነው። ባለታሪኩ ከማሽንና ከሕያው አካል የተሠራ ጠባቂ ነው። የሚያስገድደውን መቆጣጠሪያ በስውር ሰብሮ ነጻ ከወጣ በኋላ ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው ተከታታይ ድራማ በማየት ነው፤ እንደ እኛው ቀጣዩን ክፍል የሚናፍቅ ተመልካች ነው ማለት ነው። ሚናውን የሚጫወተው ወንድ ተዋናይ ነው፤ ባለታሪኩ ግን ወንድም ሴትም አይደለም፤ በእንግሊዝኛውም የሚጠራው በግዑዙ ተውላጠ ስም ነው።

ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሻል። ባለታሪኩ ለራሱ ያወጣው በራሱ ላይ ለመሳለቅ ነው። በአማርኛ «ገዳይ» ብንለው ግን በፉከራና በሽለላ የጀግና ማወደሻ የሆነውን ቃል ሰጠነው፤ ስላቁ ወደ ውዳሴ ይለወጣል። «ነፍሰ ገዳይ» ቢባል ወንጀሉም ስላቁም ይጠበቃል።

ወደ ጾታው ስንመለስ፣ አማርኛ በአንድ በኩል ለዚህ ድርሰት እጅግ የተመቸ ነው። ባለታሪኩ ስለ ራሱ የሚናገረው በአንደኛ መደብ ነው፤ «አየሁ»፣ «ፈራሁ»፣ «ዝም አልሁ» የሚሉት ቃላት ጾታ የላቸውም። ችግሩ የሚጀምረው ሌሎች ስለ እርሱ ሲናገሩ ነው። በመጨረሻው ክፍል ወዳጅ የሆኑት ሰዎች ነጻ አውጥተው ከእነርሱ ጋር ሊወስዱት ሲዘጋጁ ትቷቸው ብቻውን ይሄዳል፤ የወደዱት ሰዎች እንኳ ምን መሆን እንዳለበት እንዲወስኑለት አይፈልግም። ክፍሉን አይተው የሚወያዩ ሰዎች «ለምን ሄደ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ነገር ግን «ሄደ» ባሉበት ቅጽበት ባለታሪኩ የሸሸውን ውሳኔ እነርሱ ወሰኑለት። ይህ ጽሑፍም እስካሁን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ መውጫው ምንድን ነው? በር ሲንኳኳ «ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ያንኳኳችው እናታችን ልትሆን ትችላለች፤ ጥያቄው ግን ስሕተት አይሆንም። «ማን ናት?» የምንለው ሴት መሆኗን አስቀድመን ስናውቅ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው በአማርኛ ሦስተኛ መደብ ተባዕታይ ጾታ ሁለት ሥራ አለው፤ ወንድነትን ይገልጻል፣ ማንነቱ ገና ላልታወቀም መጠሪያ ይሆናል። ስለዚህ «ሄደ» ስንል ባለታሪኩን የግድ ወንድ አላደረግነውም፤ በሩን አንኳኩቶ ስሙን ገና እንዳልተናገረ እንግዳ አቆየነው። ለመርደርቦት ከዚህ የሚስማማ ቦታ የለም። በሁለተኛ መደብ ግን ይህ መሸሸጊያ አይገኝም፤ «አንተ» ለወንድ ብቻ ነው። እዚያ ተርጓሚው የአክብሮትን መንገድ ሊሞክር ይችላል፤ ይሁንና በእኛ ዘንድ ወዳጅነት ሲጠና ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» እንጂ ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» እንደማይኬድ መርሳት የለበትም። ጠባቂውን «እርስዎ» ያለ ሰው አከበረው እንጂ አልቀረበውም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ «ሮቦት»ን የመሳሰሉ ቃላት በመዝገበ ቃላት ሲገቡ ከፍቺው ጋር የግሥ ስምምነታቸው ይመልከት፤ ጾታው ካልታወቀ በሦስተኛ መደብ ተባዕታይ፣ በድምፅ ወይም በስም ከታወቀ እንደታወቀው መሆኑ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ተርጓሚ የመጀመሪያውን ክፍል ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ባለታሪክ ማሽኑን በምን እንደሚጠራና በየትኛው ክፍል እንደሚለውጥ ይወስን፤ ያለ ምክንያት ከክፍል ክፍል የሚዋዥቅ ጾታ ተመልካቹን ከታሪኩ ያናጥበዋል። ሦስተኛ፣ ደንብ ከመውጣቱ በፊት ተመልካቾች ያዩትን ሲተርኩ ይደመጡ። በተለይም እንደ ኪራሙና እንደ ነቀምቴ ባሉ ከተሞች ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች አንዱን ክፍል በሁለቱም ሲተርኩ መስማት፣ አማርኛ ተናጋሪው ለምዶት የማያየውን ግዴታ ያሳየናል።

ስም ማውጣት የአካዳሚ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስሙ ከወጣ በኋላ ግን ዓረፍተ ነገሩን የሚፈጽሙት ተናጋሪዎቹ ናቸው፤ እነርሱ በግሡ ላይ ሲደናቀፉ ስሙን ብቻ ሰጥቶ መቀመጥ ሥራውን በእንጥልጥል መተው ነው።